ይመር ብየዳ አያውቅም

መመዝገብ የምፈልገው በደል ይህ ነው። በአዳማ ጋራዦች፣ ከአዳማም አልፎ እስከ መቂና ባቱ ድረስ፣ አንድ ብየዳ ተሰንጥቆ ወይም ተበጥሶ ሲመጣ «የይመር ብየዳ ነው» ይባላል። ይመር መካኒክ ነበር። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። በሕይወቱ የብየዳ መያዣ ጨብጦ አያውቅም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእሱን ስም እንዳለ ትቼዋለሁ። የሌሎቹን ሰዎች ቀይሬያለሁ፤ የአንዱን ጭራሽ አልጻፍኩም። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የፊደል ስህተቱን የልጅ ልጄ አርማልኛለች፤ ሐሳቡን እንዳትነካ ግን አስጠንቅቄያታለሁ።

ሥራ የተውኩት ባለፈው ክረምት ነው። ጉልበቴ ከመኪና ሥር ገብቶ መውጣት እምቢ አለኝ። ደግሞም የሚመጡት መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ እየሆኑ ነው፤ ወጣቶቹ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ኮምፒውተር ይሰካሉ። በመጨረሻው ቀን ለስላሳ ገዝተውልኝ ቆመን እየጠጣን ሳለ፣ ናቲ የሚባለው መካኒክ ከአንድ የጭነት መኪና የወጣ የተበጠሰ ብረት ይዞ መጣ።

«እማማ አስካለ፣ ይቺን ይዩልኝማ። የለየላት የይመር ብየዳ!»

«ይመር ማን ነው?» አልኩት።

«ማን ነው ማለት?»

«በየቀኑ የምትጠራው ሰው ነዋ። ማን ነው?»

«ሰው ነው እንዴ?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እኔ የኤሌክትሮድ ዓይነት መስሎኝ!»

ሁሉም ሳቁ። ለስላሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ልጄ «እንዴት ነው፣ በደንብ ሸኙሽ?» አለችኝ። ገብቼ ተኛሁ።

ወደ ጋራዥ የገባሁት መካኒክ ልሆን ብዬ አይደለም። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ልጄን አዝዬ ሥራ ፍለጋ ዞርኩና ከሞተር የወጣ ብረት በናፍጣ ማጠብ አገኘሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የማወራበት ነገር የለውም። ጋሽ ይመር የዚያ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ በልጅነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ እዚያው አዳማ ቀረ። ቀጭን ነው፣ ወሬ አያበዛም፣ ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው። መኪና ሲፈታ ብሎኖቹን በቲማቲም ድልህ ጣሳ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ መኪና የራሱ ጣሳ አለው፤ የአንዱ ከሌላው አይቀላቀልም።

አንድ ቀን ይህን ሳላውቅ የሁለት መኪና ብሎን አንድ ላይ አጥቤ ሰጠሁት። አልተቆጣም። ጆንያ ላይ ገለበጠውና «የማን የማን እንደሆነ ለዪ» አለኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ለየሁ። ጨርሼ ስጠራው፣

«በምን ለየሽው?»

«የአንደኛው ዝገት ቀይ ነው፣ ጭቃ መንገድ የኖረ ነው። የሌላው ጥቁር ዘይት የጠጣ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ የፊት እግር ላይ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ» አለ።

ባለ ጋራዡ ሰምቶ ሳቀ። «ይመር፣ ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ልታስገባ ነው?»

«መኪናው ሥሩ ማን እንደገባ አያይም» አለው። በዚሁ አለቀ።

የፊት እግር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ፣ ከአቦምሳ በኩል እህል የሚያመጡ ነጋዴዎች ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚገፋ ፒካፕ ይገዛሉ። ዋጋው ይቀላል፣ ነዳጅም አይፈጅም። ግን ዝቅ ያለ ነው። አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ወደ እርሻው ሲገባ ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል። ስለዚህ ይመጡና «ከፍ አድርጉልኝ» ይላሉ። አዳማ ውስጥ ይህን ሥራ ከሁሉ አስበልጦ የሚያውቀው ጋሽ ይመር ነበር።

የኋላው ቀላል ነው። ጭነቱን ከሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር ወፍራም ብረት አስገብቶ በረጅም ብሎን ማሰር ነው። የፊቱ ግን እንደ ሰው እግር መተጣጠፊያ አለው። ጋሽ ይመር የላይ ክንድና የታች ክንድ የሚላቸው ሁለት ብረቶች ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጥንት፣ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ሞላ አለ። የሁለቱን ክንዶች ጫፍ አንድ ወፍራም ብረት ይይዛቸዋል፤ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ የወጣው ከዚህ ብረት ነው። እሱን ደግሞ «ጉልበት» ይለዋል።

በሞላው አናት ላይ የብረት ቀለበት ከተጨመረ ፊቱ ይነሳል። ሁለት ጣት ያህል መኪናው ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ክንዶቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፣ ጎማው እግሩ እንደተወላገደ ሰው ያዘነብላል፣ የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል፣ መሪው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይዋልላል። ባለ መኪናው የሚያየው ከፍታውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ይመር ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት «የት የት ነው የምትሄድበት?» ይላል። ቀጥሎ «የምትጭነውን ጭነህ ና» ይላል። ባዶ መኪና ይዋሻል ባይ ነው። ጭኖ ሲመጣ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ጎማውን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ያላወቀው ሰው የታመመ ይመስለዋል። ክር ጫፍ ላይ የብሎን ማሰሪያ ዳዶ አስሮ ከጎማው ጎን ያንጠለጥልና አናቱ ከክሩ ምን ያህል እንደሸሸ በጣቱ ይለካል። ብሎን ሲያጠብቅ ማንም አያወራም፣ ሬዲዮ ይዘጋል። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነዳው እሱ ነው፤ ያውም ብቻውን። «ሰው አብሮኝ ካለ ለሰውየው እሰጋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ብረቱን እሰማዋለሁ» ይላል። ተመልሶ ደግሞ ሁሉንም እንደገና ያጠብቃል።

ሌላም መንገድ አለ። ጉልበቱን ቆርጦ፣ የጎማውን ዘንግ ወደ ታች አውርዶ መበየድ። ክንዶቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ መኪናው አንድ ስንዝር ይነሳል። ለዓይን ያምራል፣ መሪውም ቀጥ ይላል። ፋብሪካ እንዲያ አድርጎ አንድ ወጥ ሲያወጣው ምንም አይልም። ሰፈር ውስጥ ሲበየድ ግን ያ ብረት ከብየዳው አጠገብ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ ሲበጠስ ደግሞ ሳይጎብጥ፣ ሳይጮህ ነው የሚበጠሰው። «መኪና ጉልበቱ ላይ አይቆረጥም» ይል ነበር ጋሽ ይመር። ብየዳን እንዲያውም ሊያየው አይችልም፤ ዓይኑ ብርሃኑን አይቋቋምም ነበር። ብየዳ ሲጀመር ሻዩን ይዞ መንገድ ዳር ይወጣል። በያጁ ባለ ጋራዡ ነበር። እውነት ለመናገር ጥሩ እጅ ነበረው፤ በርና አጥር ለማሠራት ከሩቅ ይመጡለት ነበር። በርና አጥር ግን ሰው ጭነው ቁልቁለት አይወርዱም።

ከድር የሚባል ደንበኛ ነበረን። ከአቦምሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ እህል የሚያመጣ፣ አግብቶ የወለደ፣ ሳቂታ ወጣት። ፒካፑን ሁለት ጣት አንስተንለት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣ።

«ጋሽ ይመር፣ ይቺ መኪና እኮ አሁንም ዳክዬ ናት።»

«ሁለት ጣት ሰጥቼሃለሁ።»

«ጓደኞቼ ፎር ዊል ገዝተው መንገድ ላይ ሲያልፉኝ ጎንበስ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ!»

«ሰላም ካሉህ ምን ቀረህ?»

«እባክዎ ጋሽ ይመር፣ አንድ ስንዝር። ልጆቼ አባታቸውን ከሩቅ ይዩት።»

«በደህና ስትገባ ከቅርብ ያዩሃል።»

ከድር እየሳቀ ሄደ። ወደ ቤቱ የሄደ መስሎን ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ባለ ጋራዡ ነው።

ጋሽ ይመር ለለቅሶ አርሲ ነገሌ በሄደበት ሰሞን ባለ ጋራዡ የፒካፑን ሁለት ጉልበቶች ቆርጦ በየዳቸው። «ጋሽ ይመር እስኪመጣ ይቆይ» አልኩት። «ጋራዡ የማን ነው?» አለኝ። «ያንተ ነው፤ መንገዱ ግን ያንተ አይደለም» ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት ግን «የእርስዎ ነው» ነበር፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ጋሽ ይመር ሲመለስ ፒካፑ በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማዎቹ ገና አልገቡም ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። ትንሿን መዶሻ አንስቶ የቀኙን ጉልበት መታ፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። የግራውን መታ፤ እንደተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነበር።

«ይህ ይውጣ» አለ።

«ሰውየው እህል ይጠብቀዋል፤ ዛሬ ይሄዳል» አለ ባለ ጋራዡ።

ጋሽ ይመር ወደ ከድር ሄዶ ትከሻውን ያዘው። «ልጄ፣ በዚህ አትሂድ። ሌላ ጉልበት ፈልጌ እስካመጣልህ ታገሠኝ። ስለ አላህ ብዬሃለሁ።»

«ጋሽ ይመር፣ እርስዎ እኮ አገሩ ሁሉ እንደርስዎ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው የሚፈልጉት!» አለ ከድር። ክፋት አልነበረበትም፤ በከፍታው ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ጋሽ ይመር ያደረገውን ነገር ነው እስከ ዛሬ የማስበው። ቁጭ ብሎ ጎማዎቹን መግጠም ጀመረ። የፍሬኑን ቱቦ በረጅም ቀየረ። «ምን እያደረግክ ነው? ይውጣ ብለህ አልነበር?» አልኩት። «መሄዱ ካልቀረ ዳዶው እንኳ ጠብቆ ይሂድ» አለኝ። ሬዲዮውን አዘጋና እያንዳንዱን ዳዶ በገዛ እጁ አጠበቀ። «አንዴ ልንዳው» ብሎ ቁልፉን ሲጠይቅ ከድር እየሳቀ ገብቶ ሞተር አስነሳ።

ከድር በደህና ቤቱ ደረሰ። አድሮ በማግስቱ እህል ጭኖ ወደ አዳማ ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የግራው ጎማ ከነዘንጉ ተበጥሶ ወጣ። ከድር እዚያው ሞተ።

የነዳው ራሱ ሟቹ ነው ተብሎ የፖሊሱ ጉዳይ ተዘጋ። ቤተሰቡ ግን ጉማ ጠየቀ። ጉማ የአርሲ ሰዎች የደም ማስታረቂያ ነው፤ በእጁ ሰው የጠፋበት፣ ሆን ብሎ ባያደርገውም፣ በሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይካሳል፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወገን አይፈላለጉም። መልእክቱ ሲደርስ ባለ ጋራዡ «የተባለውን እከፍላለሁ፤ እዚያ ሄጄ ግን አልቆምም» አለ። ከፈለም። ጋሽ ይመር ኮቱን ለብሶ ወጣ። ብቻውን መላክ አልሆነልኝም፤ ተከተልኩት።

የከድር ቀበሌ ስንደርስ ወንዶቹ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ሜዳ ተቀምጠዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ሥር ነበርኩ፤ የከድር እናት አዴ ሸምሲያ ከጎኔ ነበሩ። ዋናው ሽማግሌ በኦሮምኛ ጠየቁ። ማን ቆረጠ፣ ማን በየደ፣ ማን አዘዘ አላሉም። የእነሱ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ እጅ ነው።

«ያን ጎማ መጨረሻ የነካው እጅ የማን ነው?»

ጋሽ ይመር ቀኝ እጁን አነሳ። «የእኔ ነው» አለ።

እኔ ጮህኩ። «እሱ አይደለም! አባቶች፣ ማን ቆረጠው ብላችሁ ጠይቁ! ማን በየደው በሉ!» አንዲት ሴት በቀሚሴ ጎተተችኝ። የአርሲ እናቶች ሲንቄ የሚሏት በትር አለቻቸው፤ እሷን ይዘው ጠብ መሀል ሲገቡ ወንድ ሁሉ ይቆማል። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞረ።

«አስካለ፣ ዝም በይ። የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ለምን?» አልኩት። «አልነካሁትም ልበል?» አለኝ።

ወሬ ለማጣራት አይቆምም። መጀመሪያ «ጉማ የቆመው መካኒክ» አሉት። ቀጥሎ «ያ መኪና የጣለው» ሆነ። ብዙ ሳይቆይ «ይመር የበየደው» ተባለ። ደንበኞች መኪናቸውን አቁመው «ሌላ ሰው የለም?» ይሉ ጀመር። ባለ ጋራዡ አላባረረውም። «ሰው ፈራህ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?» እያለ ያለ ሥራ አስቀመጠው። ያን ሁሉ ሲያወሩ ሰምቶ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ የበየድኩት» አላለም። ጋሽ ይመር ጣሳዎቹን አጥቦ ደርድሮ ትቶ ወደ መቂ ሄደ። የመስኖ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ እዚያው ሞተ። ቀብሩ ላይ ከአዳማ የተገኘነው መካኒኮች በአንድ ባጃጅ የምንበቃ ነበርን።

እኔም ከዚያ ጋራዥ ወጣሁ። ቢሾፍቱ ሠራሁ፣ ባቱ ሠራሁ፣ ወደ አዳማ ተመለስኩ። የገባሁበት ሁሉ ያ ቃል ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ቢሾፍቱ ላይ አንዱን ጭንቅላቱን ይዤ ናፍጣ ባልዲ ውስጥ ነክሬዋለሁ፤ በዚያው ቀን ተባረርኩ፤ አይቆጨኝም። ጉልበት ቁረጪልኝ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ እንደ ጋሽ ይመር በለሆሳስ አልመለስኩም፤ በስድብ ነው ያባረርኩት። አንዳንዱ ሌላ ጋራዥ ሄዶ አስቆርጧል። አንዳንዱ ግን ተመልሶ «እማማ፣ ሁለት ጣቷን ስጪኝ» ብሏል። በክርና በዳዶ ለክቼ ሰጥቻለሁ። ብቻዬን ነድቼ ሰምቻለሁ።

ናቲ ያን ነገር የተናገረ ሰሞን ግን እንቅልፍ አጣሁ። የሚያውቁት ሰዎች ሲያሙት ቢያንስ ሰው ነበር። አሁን ሰውነቱም ቀርቶ የተበላሸ ብረት ስም ሆኗል። እኔም ሄጄ ስሞት እንዲያ እንዳልነበረ የሚያውቅ አይኖርም።

መጀመሪያ ባለ ጋራዡ ዘንድ ሄድኩ። ቢሾፍቱ ሐይቁ አጠገብ ቤት ሠርቶ ይኖራል። አርጅቷል። ድሮ እርስዎ ነበር የምለው፤ ያን ቀን አንተ አልኩት።

«ስሙን መልስለት» አልኩት።

«አስካለ፣ ደህና ነሽ? ልጆች እንዴት ናቸው?»

«ልጆቼን ተዋቸው። እኔ ነኝ የበየድኩት በል። መካኒኮቹን እሰበስባለሁ፤ አንድ ጊዜ ተናገር።»

ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። «ሽማግሌ ጠየቀ፣ እሱ እጁን አነሳ። እኔ አንሣ አላልኩትም» አለ። «ደግሞስ የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? እኔ በልጆቼ ፊት እንዴት ልቁም?»

«እሱም ሴት ልጅ ነበረችው» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ ወደ አቦምሳ ተሳፈርኩ። አዴ ሸምሲያ በሕይወት እንዳሉ የእህል ነጋዴዎች ነግረውኝ ነበር። እሳቸው «ይመር አይደለም» ብለው በአደባባይ ከተናገሩ፣ የሟች እናት ያለችውን ማንም አይመልሰውም፤ አቦምሳ የተባለው ደግሞ ከእህሉ ጋር አዳማ ይገባል። ሌላ በር አልቀረኝም።

በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አካም ጅርታ፣ አዴ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ነይ ቁጭ በይ» አሉና እጄን ይዘው ፊቴን አዩ። «ያኔ የጮህሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ዛሬም ልጮህ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማን ቆርጦ እንደበየደ፣ ጋሽ ይመር ከድርን እንዴት እንደለመነው፣ ዛሬ ስሙ ምን እንደሆነ። «በሽማግሌ ፊት አንድ ጊዜ ይናገሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አልኳቸው።

«እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ከድር ሳይሞት። ያን ምሽት እራት ላይ እየሳቀ ነገረኝ። አንድ ሽማግሌ በዚህ አትሂድ ብሎ በአላህ ለመነኝ አለ።»

«ታዲያ እያወቁ ዝም አሉ?» ድምፄ ከፍ ብሎ የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ወጣች፤ በእጃቸው መለሷት። «ያ ሰው እጁን ሲያነሳ ከጎኔ ነበሩ! ይህ ፍርድ ነው? እርስዎ እናት ነዎት፤ ይህ ፍርድ ነው?»

አዴ ሸምሲያ እጄን አልለቀቁም። የመለሱልኝ ይህን ነው።

«ስሚኝ። ያኔ ከአዳማ ብር መጣ፣ ሰው አልመጣም። የልጅ ሞት በብር አይዘጋም። በእጄ ነው የሚል ሰው ባይመጣ፣ ልጄ መኪና እንደገጨው ውሻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ወንድሞቹም ደሙን ለመመለስ ሰው ፍለጋ ይወጡ ነበር። እሱ መጣ። ከዚያም እስኪሞት ድረስ በየአረፋው እየመጣ አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ይቀመጥ ነበር። አንድ ዓመት 'አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፣ ልናገርልህ?' አልኩት። 'ቢናገሩ ልጆችዎ ተነስተው ወደ ማን ይሄዳሉ?' አለኝ። ስሙን ልመልስለት እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አልተቀበለኝም። ስሙን አውልቆ ልጄን አለበሰው። አሁን አንቺ ከሬሳ ላይ ልብስ ልትገፍፊ ነው የመጣሽው?»